መንገድ ሲዘጋ የእንግዳ ሐቅ ምን ይሆናል?



ዛሬ አብዛኞቻችሁ ሱረቱል ከህፍን ቀርታችኋል፤ ያልቀራችሁም እስከ መግሪብ ጊዜ አላችሁ። የሙሳ (ዐ.ሰ) እና የኸድር ጉዞ ላይ ስንደርስ ብዙዎቻችን ልባችን የሚቀረው ጀልባዋና ልጁ ላይ ነው። እኔን ግን ከጥቂት ዓመታት ወዲህ የሚያስቆመኝ ሦስተኛው ቦታ ነው። ሁለቱ መንገደኞች ደክሟቸው አንዲት ከተማ ይደርሳሉ። የሚበላ ነገር ይለምናሉ። የከተማዋ ሰዎች አናስተናግድም ብለው ይመልሷቸዋል። ቁርኣን የከተማዋን ስም አይነግረንም፤ ለምን እምቢ እንዳሉም አይነግረንም።

ስስታሞች ስለነበሩ ነው ይባላል፤ በሶሒሕ ሙስሊም የተዘገበው ሐዲስም በዚሁ ነው የሚገልጻቸው። እኔም ሳስተምር "ስስታም ሕዝብ" ብዬ ቶሎ አልፈው ነበር፤ ተማሪዎቼም አብረውኝ ፊታቸውን ይቋጥሩ ነበር። ከመጋቢት 2012 በኋላ ግን እንደዚያ ማለፍ አቃተኝ። ለምን እንዳቃተኝ ልንገራችሁ፤ ሳልነግራችሁ ስለዚህ ጉዳይ ብጽፍ ውሸታም እሆናለሁ።

አምደወርቅን የማታውቁ ብዙ ናችሁ። የዋግ ኽምራ ዞን፣ የደሃና ወረዳ ከተማ ናት፤ ተራራ መሃል ያለች ትንሽ ከተማ። ወደ አንዱ በኩል ብትሄዱ ላሊበላ፣ ወደ ሌላው ብትሄዱ ሰቆጣ ነው። ሙስሊሙ ቁጥሩ ጥቂት ነው፤ አብዛኛው ጎረቤታችን ክርስቲያን ነው፤ በገበያም በለቅሶም አብረን ነን። የእኛ አገር ሰው እንግዳ ይወዳል ሲባል ዝም ብሎ ለመመጻደቅ አይደለም። የመሸበት መንገደኛ ደጅ ላይ ቆሞ "ቤቶች! የመሸበት እንግዳ ነኝ" ካለ ግባ ይባላል፤ ከየት እንደመጣ እንኳ የሚጠየቀው እግሩ ከታጠበና ከበላ በኋላ ነው።

መጋቢት 4 ቀን 2012 የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ አዲስ አበባ ውስጥ መገኘቱ ተነገረ። ሰውየው ከቡርኪና ፋሶ የመጣ ጃፓናዊ ነበር። ከሦስት ቀን በኋላ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። እኔ ያኔ ደሴ ነበርኩ፤ የማስተምርበት መድረሳም ልጆቹን በተነ። ሻንጣዬን ይዤ ወደ አገሬ ወጣሁ። እናቴ አስም አለባት። ገና ሳልደርስ በስልክ "ቤት አትግባ፤ ጓሮ ያለችውን ጎጆ አስጠርጌልሃለሁ" አለችኝ። ኮስተር ያለች ሴት ናት፤ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ያለችውን ቃል በቃል ነው የያዘችው።

አሥራ አራት ቀን እዚያች ጎጆ ውስጥ ኖርኩ። እናቴ ምግቡን በሳህን አድርጋ፣ በሰፌድ ከድና፣ በግቢያችን መሃል ካለች ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ታስቀምጥና ወደ ኋላዋ ትርቃለች። እኔ ወጥቼ አነሳለሁ። እሷ በሩ ላይ ተቀምጣ፣ እኔ ጎጆዬ ደጅ ላይ ተቀምጬ፣ እየተያየን እንበላለን። ሸዕባን ነበር፤ አንዳንድ ቀን አብረን እንጾምና በሩቅ ሆነን እናፈጥራለን። ስጨርስ ሳህኑን ድንጋዩ ላይ እመልሳለሁ፤ እሷ የፈላ ውሃ ታፈስበታለች። አንድም ቀን እንደተገፋሁ አልተሰማኝም። ወላሂ፣ በሕይወቴ እንደዚያ ተከብሬ በልቼ አላውቅም።

አሥራ አራቱ ቀን አልፎ ከእናቴ ጋር በአንድ ማዕድ መብላት ከጀመርኩ በሦስተኛው ቀን ይመስለኛል፤ ክልሉ የሕዝብ ማመላለሻን አግዶ መንገዱ ሁሉ ጭር ብሎ ነበር። ከመግሪብ በኋላ ደጃችን ላይ የሰው ድምፅ ሰማሁ። "ቤቶች!" የሚል። በአጥራችን ቀዳዳ ሳይ አንድ ጎልማሳ ሰው ጀርባው ላይ ጥቅል ተሸክሞ ቆሟል። የሰልባጅ ልብስ ነጋዴ ነበር፤ መኪና አጥቶ ቀኑን ሙሉ በእግሩ ሲሄድ እንደዋለ ከጫማው ያስታውቃል። ማደሪያ ጠየቀኝ። የለም አልኩት። ጥቂት ዝም ብሎ ቆየና "እሺ፣ ውሃ ካለ" አለኝ።

በአጥሩ ውስጥ ሆኜ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ወረርሽኝ ሲነሳ ሰው ከአገር አገር እንዳይዞር ያዘዙትን ነገርኩት። አዎ፤ ሐዲስ ነገርኩት። የሐዲሱን ትርጉም እንደ ኹጥባ አሳምሬ ተናገርኩ። ሰውየው አልተከራከረኝም። ጥቅሉን አስተካክሎ ሄደ። ሙስሊም ይሁን ክርስቲያን እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ስሙን አልጠየቅኩትም።

ታዲያ ጥፋቴ የቱ ላይ ነው? በሩን አለመክፈቴ ነው? እዚህ ላይ ነው መጠንቀቅ ያለብን፤ ምክንያቱም ብዙ ሰው ይህን ታሪክ ሲሰማ "አላህን ብትፈራ ኖሮ ታስገባው ነበር" ይለኛል። እኔ እንደዚያ አላምንም። ቤት ውስጥ አስም ያለባት እናት አለች። የከፋው ታማሚ ቢገኝ ወደ ሰቆጣ፣ ተፈራ ኃይሉ መታሰቢያ ሆስፒታል፣ ከዚያም ሲብስ እስከ ደሴ መሄድ ነው፤ ያውም መኪና በታገደበት ጊዜ። የሰውየውን ሐቅ ለመጠበቅ የእናቴን ሐቅ ማፍረስ ደግነት አይባልም።

የተራራ ሰው መንገደኛን ሲፈራ ከድንቁርና ነው የሚል ከተሜም አይጥመኝም። የእኛ ሰው በሽታ ከመንገደኛ ጋር እንደሚመጣ ከመጽሐፍ አልተማረም። በ1911 የመጣውን የኅዳር በሽታ አገሩ ሁሉ ያስታውሰዋል፤ ዓለምን ሁሉ የዞረው ያ ኢንፍሉዌንዛ ኢትዮጵያም ገብቶ፣ አልጋ ወራሽ የነበሩትን ራስ ተፈሪን ሳይቀር ጥሎ፣ ብዙ ሺህ ሰው ቀጥፏል። በየዓመቱ ኅዳር 12 ቆሻሻ እየተቃጠለ "ኅዳር ሲታጠን" የሚባለው ከዚያ ጋር ይያያዛል። በ1977ቱ ረሃብ ደግሞ ከዋግ ወጥተው ኮረም መጠለያ የደረሱ ሰዎች ብዙዎቹን የጨረሳቸው ረሃቡ ብቻ አልነበረም፤ ሰው በአንድ ቦታ ሲከማች የመጣው ተስቦ ጭምር ነው። ይህን ያየ ሽማግሌ አውቶቡስ ሲመጣ ወጥቶ መንገድ ቢዘጋ አልፈርድበትም።

ደግሞም ይህ የእኛ ብቻ አልነበረም። በዚያው በመጋቢት እንግሊዞች ከከተማ ሸሽተው ወደ ዌልስ ተራሮች ሲጎርፉ፣ የስኖዶንያ ፓርክ ሰዎች እንደዚያ ዓይነት የጎብኚ ብዛት አይተው እንደማያውቁ ተናገሩ፤ የስኮትላንድ ደጋ ነዋሪዎችም እባካችሁ አትምጡብን አሉ። ምክንያቱ አንድ ነው። ትንሽ አገር ትንሽ ሕክምና ነው ያለው፤ ጎብኚው ግን ከትልቅ ከተማ በትልቅ ቁጥር ይመጣል።

ሸሪዓችንም ይህን ፍርሃት አይንቀውም። ዑመር (ረ.ዐ) በ18ኛው ዓመተ ሂጅራ ወደ ሻም ሲጓዙ ሰርግ የምትባል ቦታ ደርሰው ጧዑን መነሳቱን ሰሙ። ሙሃጂሮችን አማከሩ፤ አልተስማሙም። አንሷሮችን አማከሩ፤ አልተስማሙም። በመጨረሻ የቁረይሽ ሽማግሌዎች ተመለስ አሏቸው፤ ተመለሱ። አቡ ዑበይዳ (ረ.ዐ) ከአላህ ቀደር መሸሽ አይሆንም ወይ ብለው ሲጠይቋቸው፣ ከአንዱ ቀደር ወደ ሌላው ቀደር መሄድ ነው ብለው በለምለሙና በደረቁ ሸለቆ ስለሚሰማራ ግመል ምሳሌ ሰጡ። ከዚያ በኋላ ነው ዐብዱረሕማን ኢብኑ ዐውፍ (ረ.ዐ) መጥተው ሐዲሱን ያሰሙት፦ በሽታው ወዳለበት አገር አትግቡ፣ ያላችሁበት አገር ከገባም ሸሽታችሁ አትውጡ የሚለውን መልእክት።

ይህን ታሪክ ሁላችሁም በ2012 መቶ ጊዜ ሰምታችሁታል። ብዙ ጊዜ የማይነገረው ግን አንድ ነገር አለ፦ እዚህ ታሪክ ውስጥ መንገደኛው ማን ነው? ዑመር ናቸው። የሻም ሰዎች በር አልዘጉባቸውም። የምእመናን መሪ በፈቃዳቸው ፈረሳቸውን አዙረው ተመለሱ። የሐዲሱ ትእዛዝም ለሁለት ሰው ነው፤ ለሚገባው እና ለሚወጣው። ሁለቱም መንገደኞች ናቸው። በሩ ላይ ስለቆመው ዘበኛ አንድም ነገር አይናገርም። እኔ ግን ለመንገደኛ የተሰጠውን ትእዛዝ ወስጄ የዘበኛ ዱላ አደረግኩት።

ሌላም አለ። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) የታመሙ ግመሎች ያሉት ሰው ጤነኛ ግመሎች ወዳሉበት እንዳያመጣቸው ከልክለዋል። ይህን የዋግ ፍየል ጠባቂ ልጅ ሳይቀር ይገባዋል፤ የታመመ መንጋ ያለው ሰው የወንዝ ተራውን ያሳልፋል እንጂ "ውሃው የአላህ ነው" ብሎ አይገባም። አዲስ አበባ፣ ደሴ፣ ኮምቦልቻ ያላችሁ ልጆች፣ ይህ ለእናንተ ነው። የዚያ ዓመት ረመዳን ሚያዝያ 16 ቀን ገባ፤ ጁምዓ ቀን ነበር፤ መስጂዶች ግን ዝግ ነበሩ። ዒዱ ግንቦት 16 ሆነ። አገር ቤት ገብቶ ከቤተሰብ ጋር ማክበር የማይፈልግ ማን አለ? በዚያ ዒድ አዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ብቻውን ሰግዶ፣ ለእናቱ በስልክ እየደወለ ያለቀሰ ልጅ አውቃለሁ። እናቱን ሊያይ ቢሄድ አገሩ ነበር፤ ማንም አይከለክለውም ነበር። ዑመር ከሰርግ ሲመለሱ ያደረጉትን ነው ያደረገው።

በዚያ በሻም ወረርሽኝ አቡ ዑበይዳም፣ ሙዓዝ ኢብኑ ጀበልም (ረ.ዐ) ሞቱ። ከእነሱ በኋላ ዐምር ኢብኑል ዓስ (ረ.ዐ) ሰዉን ወደ ተራሮች ተበተኑ አሉት፤ የተቃወማቸው ሰሓባም ነበር፤ ግን ተበተኑ፤ በሽታውም አለፈ። ይህን ዘገባ ሳነብ እኔ የተራራ ልጅ ስለሆንኩ ይሆናል፣ ሁልጊዜ አንድ ጥያቄ ይመጣብኛል፦ እዚያ ተራራ ላይ አስቀድሞ የሚኖር ሰው አልነበረም ይሆን? ዘገባው አይነግረንም፤ እኔም ከራሴ አልጨምርም። ብቻ ከተማ ሲጨንቀው ወደ ተራራ እንደሚያይ ከጥንት የታወቀ ነው፤ የተራራው ሰው ጭንቀትም እንደዚያው ጥንታዊ መሆን አለበት።

እንግዲህ በር መዝጋት ይቻላል። መካም ዘግታለች። የካቲት 2012 ላይ ሳዑዲ ከውጭ የሚመጣ ዑምራን አቆመች፤ የዚያው ዓመት፣ የ1441 ሐጅ፣ በአገሪቱ ውስጥ ላሉ ጥቂት ሰዎች ብቻ ሆነ። መካ ማለት ከእንግዳ በቀር ሌላ ሕይወት ያላት ከተማ አይደለችም፤ ሆቴሉም፣ ሱቁም፣ ታክሲውም በሐጅ ነው የሚኖረው። ካዕባ ዙሪያው ባዶ ሆኖ በቴሌቪዥን ያየነው ቀን ሁላችንም አልቅሰናል። ግን "የአላህ እንግዶች ተባረሩ" ያለ ዓሊም አልሰማሁም። እንግዳው በቤቱ ሆኖም የአላህ እንግዳ ነበር።

ታዲያ በር መዝጋት ከተቻለ፣ የከህፏ ከተማ ሰዎች ጥፋታቸው ምንድን ነው? ተመልሳችሁ አያውን እዩት። ሁለቱ መንገደኞች የጠየቁት ምግብ ነው። ማደሪያ አልተባለም፤ አልጋ አልተባለም። እንግድነት ስንል እኛ ሁሉንም በአንድ ከረጢት እናስራለን፦ ማስገባት፣ ማብላት፣ ማጫወት፣ ማሳደር። ከረጢቱን መሸከም ሲያቅተን ደግሞ ሁሉንም አንድ ላይ እንጥላለን። ወረርሽኙ ከከረጢቱ ያወጣው አንዱን ነው፤ ማስገባትን። ውሃው፣ እንጀራው፣ ሰላምታው፣ "ወዴት ትሄዳለህ፣ ከዚህ በኋላ ውሃ የት ታገኛለህ" ማለቱ እዚያው ነበር። ከሰውየው ጋር ሁለት ሜትር ርቀት ላይ ሆኜ ልሰጠው የምችለው ነገር ነበር። ከአሥራ ሰባት ቀን በፊት ለእኔ በድንጋይ ላይ እየተቀመጠ የተሰጠኝ ነገር ነበር።

ከሰቂፍ ወገን ለበይዓ ከመጡት ሰዎች መካከል የሥጋ ደዌ ያለበት ሰው ነበር። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) በይዓህን ተቀብለናል፣ ተመለስ ብለው ላኩበት። ሙስሊም ዘግበውታል። እጁን አልጨበጡም። ቃሉን ግን እንደ ጓደኞቹ ቃል ተቀበሉት፤ አንድም አላጎደሉበትም። ሰውየው ከመንገድ ቢመለስም በይዓ የሌለው ሆኖ አልተመለሰም። እኔ ሰልባጅ ነጋዴውን ምን ሰጥቼ ነው የመለስኩት?

እውነቱን ለመናገር ይህ የእኔ ብቻ ሕመም አልነበረም። በዚያው ወር፣ መጋቢት 9፣ የአሜሪካ ኤምባሲ አዲስ አበባ ላይ ለዜጎቹ ማስጠንቀቂያ አወጣ፤ የውጭ ሰዎች ድንጋይ እየተወረወረባቸው፣ ምራቅ እየተተፋባቸው፣ ትራንስፖርት እየተከለከሉ፣ በሽታ አለባችሁ እየተባሉ ነው የሚል። ጠቅላይ ሚኒስትሩም በሽታው ዜግነት የለውም ብለው መናገር ግድ ሆነባቸው። ድሮ "ፈረንጅ! ፈረንጅ!" ብለው እየሳቁ የሚከተሉ ልጆች "ኮሮና! ኮሮና!" ማለት ጀመሩ።

ላስታ ውስጥ አስጎብኚ የነበረ የዩኒቨርሲቲ ጓደኛ አለኝ፤ ክርስቲያን ነው። እነዚያ በ1970 በዩኔስኮ የተመዘገቡት አሥራ አንዱ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት ያሉበት ከተማ በእንግዳ እንደሚኖር ታውቃላችሁ፤ ሆቴሉ፣ በቅሎ አከራዩ፣ ሸማኔው፣ ጫማ ጠባቂው ሳይቀር። በዚያ ሰሞን ስንደዋወል አንድ ነገር አለኝ፤ አልረሳውም። "እስከ የካቲት ድረስ ፈረንጅ ይዤ ስሄድ ሰው ሁሉ ዘመዴ ነበር። አሁን ፈረንጅ ይዘህ ስለነበር ብለው ከእኔ ጋር ቡና የሚጠጣ ጠፋ።" ከዚያ ሳቀ። "የቡናውን ስኒ ግን የገዙት በፈረንጁ ብር ነው" አለኝ።

ነገሩን ሳስበው፣ ያ ጎብኚ በሁለቱም ጊዜ ሰው አልነበረም። ደህና ቀን ብር ነበር፤ ክፉ ቀን ሲመጣ በሽታ ሆነ። በብርነቱ የወደደው ሰው በበሽታነቱ ቢጠላው ምን ይገርማል? ዲናችን ግን ለመንገደኛ ሌላ ስም አለው፤ ኢብኑ ሰቢል፣ የመንገድ ልጅ። ከስምንቱ የዘካ ባለመብቶች አንዱ ነው። ፉቀሃዎች እንዳብራሩት አገሩ ላይ ሀብታም ቢሆን እንኳ መንገድ ላይ ከተቸገረ ሐቅ አለው፤ የሚታየው ኪሱ ሳይሆን ያለበት ሁኔታ ነው። ዘካው ለሙስሊም መንገደኛ ነው የሚለው የብዙኃኑ አቋም ነው፤ መልካም መዋልና ሰደቃው ግን ሙስሊም ላልሆነውም ክፍት ነው። በሱረቱ ኒሳእም አላህ (ሱ.ወ) በጎ እንድንውልላቸው ካዘዘን ሰዎች መካከል፣ ከወላጅና ከጎረቤት ጋር፣ የመንገድ ልጅ ተቆጥሯል። በረራው ተሰርዞበት፣ ሆቴሉ ተዘግቶበት፣ አገሩ መግባት ያልቻለ ጎብኚ የመንገድ ልጅ ካልሆነ ማን ሊሆን ነው?

ፈረንጅ ስለሆነ አላዘንኩለትም የሚል ካለ ደግሞ ሌላውን ይስማ። በዚያው ሚያዝያ ሰሜን የመን ውስጥ በሁቲዎች ይዞታ ሥር የነበሩ በሺዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ስደተኞች "ኮሮና ተሸካሚዎች" ተብለው ከሰፈራቸው በኃይል ተባረሩ። ሂዩማን ራይትስ ዎች በነሐሴ እንዳወጣው፣ ወደ ሳዑዲ ድንበር ሲነዱ ብዙዎች በጥይት ሞቱ፤ ድንበሩ ላይ ደግሞ የሳዑዲ ጠባቂዎች ተኮሱባቸው፤ የተረፉትም እስር ቤት ተከማቹ። የዚያ መንገድ ልጆች እነማን እንደሆኑ የወሎ ሰው አይጠየቅም። ከየቤቱ ናቸው። ቁርኣን አብረውን የቀሩ ናቸው። እኛ መንገድ ላይ ለሌላ ሰው የጮህነው ስም ባሕር ማዶ ላይ ወንድሞቻችንን ጠበቃቸው። እዚያ ያለውም ጠባቂ፣ እኔ እንዳደረግኩት፣ ቤተሰቡን እየጠበቀ እንደሆነ ሳይነግረው አልቀረም፤ ለራሱ ማለቴ ነው።

አውቃለሁ፣ በእኔ እምቢታና በጥይቱ መካከል ሰፊ ርቀት አለ። አንድ ናቸው አላልኩም። ግን ሁለታችንም ከበሽታው አልፈን ሰውየውን ራሱን በሽታ አድርገነዋል። ሰው በሽታ ከሆነ ደግሞ ውሃ መስጠት ትርጉም የለውም፤ ለበሽታ ውሃ አይሰጥም።

ከዓመት በኋላ ጦርነቱ ወደ ዋግ መጣ። ከአበርገሌና ከፃግብጂ የተፈናቀሉ ሰዎች ሰቆጣ ገብተው በየመጠለያው ሲያድሩ፣ መንገድ የዘጋውም ያልዘጋውም የሰው ደጅ ጠኚ ሆነ። ስለዚህ ብዙ አልጽፍም፤ ገና ያልዳነ ነገር ነው።

አሁን ወደዚያ ምሽት ልመለስ። ሰውየው ከደጃችን ሲሄድ ወደ ቤት ገባሁ። እናቴ ማን ነው አለችኝ፤ መንገደኛ ነው፣ መለስኩት አልኳት። "ውሃ ሰጠኸው?" አለችኝ። ዝም አልኩ። ተነስታ ጆግ ሞልታ ወጣች፤ ጠራችው፤ መሽቶ ነበር፤ አላገኘችውም። ሌሊቱን አልተኛሁም ብላችሁ ማጋነን ነው፤ ተኝቻለሁ። ጠዋት ለሱብሒ ስነሳ ግን ከጎረቤታችን አጥር ሥር ጭስ አየሁ።

ጎረቤታችን አሮጊት ክርስቲያን ናቸው፤ ብቻቸውን ነው የሚኖሩት፤ እማማ ነው የምላቸው። ከግቢያቸው ውጭ፣ ከአጥሩ ጥግ የበጎች ማሳደሪያ የነበረች ዳስ አለቻቸው። ሰውየው እዚያ ነበር ያደረው። ዐቢይ ጾም ስለነበር ሽሮ በእንጀራ በቅጠል ጠቅልለው አጥሩ ድንጋይ ላይ አስቀምጠውለታል፤ ውሃም በጣሳ። እሳት እንዲያነድ ፍልጥ ወርውረውለታል፤ "ጠጋ አትበል፣ እዚያው ሁን" እያሉ። ጠዋት ሲሄድ ከሩቅ መረቁት፤ እሱም መረቃቸው። ጣሳውን በእንጨት አንስተው የፈላ ውሃ ውስጥ ሲከቱት በዓይኔ አይቻለሁ።

ከብዙ ወራት በኋላ፣ ነገሩ ሁሉ ቀዝቀዝ ሲል፣ ያቺን ሌሊት አንስቼ ጠየቅኳቸው። እኔ ወጣት ሆኜ፣ አስተማሪ ሆኜ እንደዚያ ስፈራ እሳቸው በዚያ ዕድሜያቸው እንዴት እንዳልፈሩ ማወቅ ፈልጌ ነበር። "እማማ፣ ያን ጊዜ አልፈሩም?" አልኳቸው።

ቡናቸውን እየቀዱ ቀና ብለው አዩኝ። "ፈራሁ እንጂ" አሉኝ። "ባልፈራማ ቤት አስገባው ነበር።"